ደረቅ ቦታ ያለች ጀልባ

ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ ስንሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ ጎናቸው ያለው ሰው መካኒክ መሆኑን እንደሰሙ ጠየቁት።

«የጓንግን ወንዝ ሰው የምናሻግርባት የሞተር ጀልባ ነበረችን። ብትጠገን ትነሣለች ወይ?»

«ሞተሩ እንዴት ነው፣ አባቴ?»

«በጆንያ ጠቅልዬዋለሁ፤ ደኅና ነው።»

«እንጨቷስ?»

«ከወንዝ አውጥቼ ሰሊጥ መጋዘን አስገባኋት። አራተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ጠብታ ውኃ አልነካትም።»

«ውይ!»

«ምነው?»

«ጀልባ እንደ ሰሊጥ አይደለችማ! ውኃ ካጣች ሳንቃዋ ይሰነጠቃል።»

«አዎ፣ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። በጭቃ ልምረገው ብዬ ነበር።»

«ጭቃ ምን ሊይዝ! ሞተሩን ይሽጡት፣ እንጨቱን ያንድዱት።»

«የእኔ መች ሆነችና፤ የልጄ ናት። ለሥራ ሱዳን ሲሻገር ‹አደራ አባ፣ እንዳትበላሽ› ብሎኝ ነው።»

«የሱዳኑ ጦርነት ሳይጀመር?»

«ሳይጀመር።»

«ደውሎ ያውቃል?»

«አንድ ጊዜ። ‹ጀልባዋ እንዴት ናት?› አለኝ። ‹አታስብ፣ ደረቅ ቦታ ናት› አልሁት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹አባ፣ ኧረ…› ሲል መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።»

መውረጃዬ ኮኪት እያየሁት አለፈ፤ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።