ያሳለኝ ዘይት

እኛ ወሎ የቆየ ቅቤ የሚታወቀው በጉሮሮ ነው፤ ከከረከረ ተበላሽቷል። ሳዑዲ፣ ኾባር ከተማ በቤት ሠራተኝነት የምሠራበት ቤት የማዳም አባት ከእርሻቸው አንድ ጀሪካን የወይራ ዘይት ይዘው መጡ። “ለቁርስ አድርጊው” አለችኝ ማዳም። በማንኪያ ብቀምሰው መረረኝ፣ ጉሮሮዬን ከርክሮ አሳለኝ። ወላሂ ተበላሽቷል አልኩ። ሽማግሌውን ላለማሳፈር ዝም ብዬ ሳምቡሳ ጠበስኩበትና ለቁርስ ከሱቅ የተገዛውን፣ ቀለል ያለውን የወይራ ዘይት አቀረብኩ።

ሽማግሌው ኹብዝ የሚሉትን ቂጣ ቆርሰው ዘይቱን አጠቀሱ፤ ቀመሱና “የእኔ ዘይት የታለ?” አሉ። ማዳም ዞራ አፈጠጠችብኝ። “ባባ፣ ተበላሽቶ ነበር፤ ሳምቡሳ ጠበስኩበት” አልኩ እየተንተባተብኩ። ማዳም ልትጮህብኝ ስትል በእጃቸው አስቆሟት።

“በምን አወቅሽ?”

“አሳለኝ።”

ሳቁ። “ልጄ፣ ጥሩ ዘይት ነዋ ያሳለሽ! ትኩስ የወይራ ፍሬ ተጨምቆ፣ ሌላ ምንም ሳይነካው እንዲህ ነው። ይሄ የሱቁ ግን ፋብሪካ አጣርቶ አጣርቶ ምሬቱን ያወጣለት ነው፤ መጥበሻ ላይ የሚገባው እሱ ነበር። ለመሆኑ የተረፈ አለ?”

“ግማሹ አለ።”

“አልሐምዱሊላህ! አምጪው።”

አሁን አዲስ ዘይት በመጣ ቁጥር ማዳም መጀመሪያ የምታቀምሰው እኔን ነው። ካሳለኝ ለቁርስ፣ ዝም ካልኩ ለመጥበሻ።