መንገድ ዳር የሰቀሏት ልጅ

ከጅዳ ወደ መካ በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ ሁለት የማይተዋወቁ ያገራችን ሴቶች፣ አንዲት ወጣት ልጅና አንዲት ወፍራም ሴት፣ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ንድድ ብላ ስልኳን ለወፍራሟ አሳየቻት። እኔም አንገቴን አሰገግኩ፤ ምን ታደርጉኛላችሁ!

«እይማ እህቴ፣ ይቺ የተሰቀለችው ማን ናት?»

«ወላሂ አንቺ ነሽ! የት ነው?»

«ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ መንገድ ዳር። የምርጫ ማስታወቂያ ነው። ስፌት ስማር ያነሱኝን ፎቶ እንደ ቤት አግዝፈው ሰቀሉት።»

«ጽሑፉስ ምን ይላል? እኔ አላነብም።»

«‹ሥራ ሰጠናት› ይላል! ውሸታሞች! ሥራ ቢሰጡኝ የማዳምን ሽንት ቤት ሳጥብ እገኝ ነበር?»

«ተያቸው፤ ሥዕል አይቶ ማን ይመርጣል?»

«እናቴ መረጠቻቸዋ!»

«ያ አላህ! እውነቱን አልነገርሻትም?»

«ነገርኳት! ‹ልጄን እንዲህ አሳምረው ሰቅለውልኝ ሌላ ልመርጥ?› አለችኝ።»

«በይ አስቀድጂው።»

«ወንድሜን ልኬው ነበር። ከሥሩ ቆማ በድንጋይ አባረረችው።»

«ለፓርቲው ብላ?»

«ፓርቲው ምኗ ነው! የሷ ስልክ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከመጣሁ ወዲህ ፊቴን አላየችም። አሁን ገበያ ስትወጣ ቀና ብላ ‹እንዴት አደርሽ ልጄ› ትለኛለች አሉ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ወንድሜ ጽሑፉን ብቻ ጥቁር ቀለም ይቀባልኝ። ፊቴን ይተውላት!»

ሰው መሐል ገብቼ ካልቀለድኩ የማይሆንልኝ አሮጊት፣ አፌ ውስጥ ያለችውን ቴምር ሳላላምጥ መካ፣ ነካሳ ሰፈር ደረስኩ።