ቅዳሜ በረኛ የነበረው ጀማል

ከከሚሴ በተነሳው ታክሲ ውስጥ አንድ አሰልጣኝ በእኔና በእሱ መሃል ለተቀመጠው ሰው ያወራል።

«ዋናው በረኛችን ተጎዳብን። ቅዳሜ ለት ከባቲ ልጆች ጋር ስንጫወት ታዳጊውን ጀማልን ለመጀመሪያ ጊዜ አሰለፍኩት። ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አዳነልን!»

ከኋላችን የተቀመጠች ሴት፣ «የቱ ጀማል?» አለች።

«የዘሃራ ልጅ፣ ረጅሙ።»

«ዘሃራ እኔ ነኝ። ቅዳሜ'ኮ ልጄ ወባ ጥሎት ቤት ነው የዋለው።»

«ወላሂ እናቴ፣ ጓንቱን በእጄ ነው ያጠለቅኩለት! እጁ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር።»

«እኔም ወላሂ ከጎኑ አልተነሳሁም። አልጋው ላይ ግራና ቀኝ ሲወረወር ይዤው ነው የዋልኩት።»

«አሁንስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሎታል። መዳፉ ግን እንዳበጠ ነው።»

መውረጃዬ ጨፋ ሮቢት ነበር፤ «ወራጅ» ማለቱ ትዝ ያለኝ ግን ካለፍነው በኋላ ነው።