ወደ ኢየሩሳሌም የሄደው ቅባት

በ፲፱፻፺፰ ዓመተ ምሕረት ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ወይዘሮ ይማርሽ ላሊበላ ገበያ ሰም ሻጭ ፊት ቆመው ሰሙን እያሸተቱ ሲያጣጥሉ፣ ዓመት ሙሉ የሸሿት ሰው ፊታቸው ድቅን አለች። የጎረቤታቸው የአረጋ ልጅ ኤልሳቤጥ ነበረች፤ ደሴ ተምራ መጥታ እዚያው ላሊበላ መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ።

«እማማ ይማርሽ፣ እንደምን ከረሙ?»

«ዱቄትሽ እንዳከረመን ከረምን።»

ልጅቱ ደነገጠች። ወይዘሮ ይማርሽ ግን ምክንያት ነበራቸው። ታላቅ እህታቸው ከመነኮሱና ኢየሩሳሌም ከገቡ ሃያ ዓመት አልፏል። ሌላው ሰው እማሆይ አመተ ማርያም ይላቸዋል፤ ለወይዘሮ ይማርሽ ግን ወለላ ናት፤ በልጅነት ከይምርሐነ ክርስቶስ በእግር ሲመለሱ እግሯን ያሹላት፣ እግራቸውን ያሸችላቸው ወለላ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም የሚለው ሰው ይዋሻል። ወይዘሮ ይማርሽ ኢየሩሳሌምን በሕልማቸውም አላዩም፤ ግን ፋሲካ በደረሰ ቁጥር ሆዳቸው ወደዚያ ይሄዳል።

ስለዚህ በየዓመቱ በተሳላሚ እጅ የእግር ቅባት ይልኩ ነበር፤ መነኩሲት በጾም ቅቤ አትነካምና ከኑግ ዘይትና ከሰም የተሠራ። ዓምና ግን ለጉልበቴ ተስማማኝ ያሉትን ማግኒዥየም፣ ያን ለሆድ የሚሸጠውን ነጭ ወፍራም ፈሳሽ፣ በገዛ ሥልጣናቸው ቀላቀሉበት። እንዳይበላሽም ከኤልሳቤጥ የማቆያ ዱቄት ወሰዱ። ብልቃጡ ኢየሩሳሌም ሲከፈት አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሎ ተገኘ። ያደረሱት መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ሲመለሱ የእህታቸውን ቃል ብቻ ነገሯቸው፦ «የእህቴ እጅ አልሸተተኝም።» ቃሉ ዓመት ሙሉ ከደረታቸው አልወረደም።

«ቅባቴ ሃያ ዓመት ሲሄድ ሻግቶ አያውቅም» አሉ። «ዱቄትሽ ሲገባበት ሻገተ። ታዲያ ማን አሻገተው? እኔ?»

«ድሮ ውሃ ይገባበት ነበር እማማ?»

«ዘይትና ሰም ነው። ውሃ ምን ሊሠራ?»

«እኮ! ሻጋታ ደረቅ ቤት ገብቶ ምን ይጠጣል? ማግኒዥየሙ ግን ውሃ ይዞ ገባ።»

«ጠበልም አክዬበታለሁ!» አሉ ቆጣ ብለው። «ጠበል ይሻግታል ልትዪኝ ነው?»

«እኔ ጠበሉን አልደፈርኩም። ውሃ ያለበት ቅባት ሁሉ ማቆያ ይሻል ነው የምልዎ።»

«ማቆያውንማ ሰጠሽኝ!»

ኤልሳቤጥ አንገቷን ደፋች። «ጥፋቱ የኔ ነው። የትኛውን ማግኒዥየም እንደያዙ ሳልጠይቅ ሰጠሁዎ። ያ ዱቄት ኮምጣጣ ቤት ብቻ የሚነቃ ዘበኛ ነው። ነጩ ማግኒዥየም ደግሞ ጠባዩ እንደ አመድ ውሃ፣ የኮምጣጣ ተቃራኒ ነው። ዘበኛው እዚያ ሲገባ ተኛ።»

የተማረ ሰው ጥፋቱን ሲያምን ወይዘሮ ይማርሽ አይተው አያውቁም። የሚቆጡበት ነገር አጡና ተናደዱ። «የሚተኛ ዘበኛ ሸጠሽልኝ ነዋ! በይ ሌላ አምጪ።»

«ሌላም አለ፤ እኛ ጋ ግን አልመጣም። ዘበኛውን ከመቀየር ቤቱን መቀየር ይቀለናል። ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋ ሌላ የማግኒዥየም ጨው አለ፤ ኮምጣጣ ቢነካው አይጣላም።»

ከገበያ መልስ መድኃኒት ቤቱ ወስዳ በሁለት ብርጭቆ አሳየቻቸው። በነጩ ማግኒዥየም የነከረችው ኮምጣጣውን የሚለይ ቀጭን ወረቀት ሰማያዊ ሆነ። የጨዉ ውሃ ትንሽ የሎሚ አሲድ ተጨምሮበት ሌላ ወረቀት ሲነከርበት ግን ብርቱካን መሰለ።

«ዘበኛው የሚነቃው እዚህ ነው» አለች።

«ወረቀት ደግሞ ምን ያውቃል?» አሉ፤ ግን ሁለቱንም ወረቀት መቀነታቸው ላይ ቋጠሩ።

ማግስቱን እቤታቸው ሁለት ዓይነት ቅባት ተሠራ፤ አንዱ በዓምናው ነጭ፣ አንዱ በአዲሱ ጨውና በሎሚ አሲዱ፤ ዱቄቱ ግን በሁለቱም አንድ። ኤልሳቤጥ እጇን ታጠበች፣ ብልቃጦቹን ቀቀለች፣ ማቆያውን በሚዛን መዘነች፣ ውሃውን አፍልታ አቀዘቀዘች። ወይዘሮ ይማርሽ የጠበሉን ጠርሙስ ይዘው ብቅ አሉ።

«ያለ ጠበል ለወለላ አልልክም!»

«እማማ፣ እማሆይ ያሉት ኢየሩሳሌም አይደል?»

«ታዲያ የት ልትሆን ኖሯል?»

«ጠበል ከዚያ አያጡም። የሚያጡት የእርስዎን እጅ ነው።»

አሮጊቷ ጠርሙሱን አስቀመጡ።

በአሥራ አራተኛው ቀን የነጩ ብልቃጥ ጢም አበቀለ። ሌላው ንጹሕ ነበር። «ዓይን ያላየው ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም» አለች ኤልሳቤጥ። «ለመንገድ አዲስ እንሠራለን። በሁለት ወር ውስጥ ተቀብቶ ይለቅ፤ ቁስል ላይም አይቀባ ይበሏቸው።» መሪጌታ ሊነሡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አዲሱን ወይዘሮ ይማርሽ ራሳቸው፣ እጃቸውን ሦስት ጊዜ ታጥበው፣ አማስለው ሞሉት።

ከዚያ ወዲህ ሰም ሻጭ ፊት የቆመች ሴት ሁሉ ትሰማለች፦ «ዘይትና ሰም ብቻ ከሆነ እንደ እናትሽ ሥሪ። ውሃ ከነካው ግን ዘበኛ አቁሚለት። ዘበኛውም ከማግኒዥየምሽ ጋር መስማማቱን ዐዋቂ ጠይቂ፤ ጎረቤት የሰጠሽን ዱቄት ዝም ብለሽ አትበጥብጪ። ውሃውን አፍዪ፣ ዕቃውን ቀቅዪ፣ የተሠራበትን ቀን ጻፊበት። መጻፍ ካልቻልሽ እንደኔ አጽፊ፤ ሞት የለበትም!»

መሪጌታ ከፋሲካ በኋላ ባዶውን ብልቃጥ መለሱላቸው። «ስትከፍተው ምን አለች?» ብለው ጠየቁ ወይዘሮ ይማርሽ።

«አሸተቱት፤ ጫማቸውን አወለቁ።»

ወይዘሮ ይማርሽ ብልቃጡን አላጠቡትም። ታቹ ላይ በቀረው ስስ ቅባት የአንድ ጣት ፈለግ ተሥሎ ነበር። የራሳቸውን ጣት ሰደዱና፣ ሃያ ዓመት ያልነኳት ወለላ በሄደችበት መስመር ቀስ አድርገው ሄዱበት።