ቦቃው አውራ በግ አይቀጥቀጥ

ከዳባት እስከ ጎንደር ባለው መንገድ ስለ በግ ዘር ከእኔ የበለጠ የምታውቅ ሴት ካለች ትውጣና ትከራከረኝ። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። ባለፈው ክረምት ደግሞ የበግ ዘር ለማጥናት ወደ አገራችን ከመጣው ከአቶ ተክለ ጊዮርጊስ ጋር ሁለት ወር ሙሉ በዝናብ መንደር ለመንደር ዞሬአለሁ። እርሱ በጉን በሜትር ይለካል፤ እኔ ቁጥሩን እጽፋለሁ። በየደጁ «የዚህ ጠቦት አባቱ የትኛው ነው?» እያለ ሲጠይቅ ባለበጎቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁበት ነበር። በግም አባት ይጠየቃል ወይ እያሉ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ነገሩ ገብቶኝ ነበራ።

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ሰኔ ሲጋመስ ከጎንደር ፒያሳ በጭነት ማኪና ተሳፍሬ ዳባት ወረድሁ። የመጣሁት ለዕረፍት አይደለም። እናቴ «ሰባተኛ ክፍል አትገቢም፤ የሚሸጥ በግ የለንም» ብላ ልካብኝ ነው። በግስ ነበረን። ነገር ግን የዘንድሮ ጠቦቶቻችን ከድመት ብዙም አይበልጡምና ነጋዴው አይቷቸው ፊቱን አዞረ። ሣጥኔን ተሸክሜ፣ በንዴት እየተቃጠልሁ ቁልቁለቱን ስወርድ፣ አያ ክንዱ ደጅ ላይ ሳላስበው ከአጎቴ ከቄስ ሐብተ ማርያም ጋር ተገጣጠምሁ።

አባቴ ከሞተ ወዲህ የእናቴ በጎች ከአጎቴ በጎች ጋር በአንድ በረት ያድራሉ። አጎቴ ከበረቱ ሁሉ የሚበልጠውን፣ ግንባሩ ነጭ የሆነውን ቦቃን በገመድ ይጎትታሉ። ሚስታቸው እትዬ ለተ ማርያም ከኋላ በአርጩሜ ይነዱታል። አያ ክንዱ ደግሞ የመንደሩ በግ ቀጥቃጭ ነው፤ ድንጋዩንና የወይራ እንጨቱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ጠይቄ መረዳት አላስፈለገኝም። ቦቃ ሊኮላሽ፣ ከዚያም ለመጪው ፋሲካ ሙክት ሆኖ ሊሰባ ነው።

የአጎቴን መስቀል ተሳለምሁ፤ ቁጣዬን ግን አልዋጥሁም።

«ሐረገወይን! እንኳን በደህና መጣሽ። ምነው ፊትሽ እንዲህ ጠቆረ?»

«ይህን በግ ወዴት ነው አባ?»

«እንደምታይው ነው። ለፋሲካ አማቾቼ ከደባርቅ ይመጣሉ። ሙክት የማይታረድበት ቤት ቤት ነው?»

«አምና የትኛውን አስቀጠቀጡ?»

«ቀዩን።»

«ካቻምናስ?»

«ዳማውን። ምነው ልጄ፣ ዳኛ ሆነሽ መጣሽ?»

«ሁለቱም ከበረቱ ትልልቆቹ ነበሩ?»

«ታዲያ ትንሹን ላሰባ ኖሯል!»

«ከእናቴ በጎች ጋር የቀረው አውራ ማን ነው ታዲያ? ቆልማማው! እግሩ የተጣመመው፣ ዳገት ሲወጣ የሚያለከልከው! የዘንድሮ ጠቦቶች አባት እርሱ ነው። ሰባተኛ ክፍል እንዳልገባ ያደረገኝ ቆልማማው ነው፣ አባ!»

አያ ክንዱ ሳቀ። «ወይ የዘመን ልጅ! በግ ከትምህርት ቤት አባረረኝ አለች!»

አጎቴ አልሳቁም። እርሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «ልጄ፣ የበጉ ማነስ ከሳሩ ማነስ ነው። ሳሩም ያነሰው በኃጢአታችን ነው።»

«እሺ ሳሩ ነው እንበል። የእመት ሸዋአየሁ በጎች ከእኛዎቹ ጋር በአንድ መስክ አይደለም የሚግጡት? ሲለኩ ጽፌአለሁ፤ በቁመት ስድስት ጣት ይበልጣሉ። ወይስ ኃጢአቱ የእኛ በጎች የሚነጩትን ሳር እየመረጠ ነው የሚያደርቀው?»

«ሸዋአየሁ ጸሎተኛ ናት።»

«ጸሎተኛስ ናቸው። ነገር ግን ድሀ መበለት ናቸው፤ አማች የለባቸው፣ ግብዣ የለባቸው። አንድም ቀን ሙክት አስቀጥቅጠው አያውቁም። ትልቁ አውራ ሳይነካ በበረታቸው ይኖራል፤ ልጆቹም እርሱን ይመስላሉ። እኛ ባለጠጎቹ ነን ምርጡን እየበላን ውዳቂውን የምናስወልድ!»

ሰው ስለ እርሻው የሚያውቀውን ለበጉ ለምን እንደሚነሳው እስከ ዛሬ አይገባኝም። ስለዚህ ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ ለዘር የሚያስቀምጡት ገብስ የትኛው ነው?»

«ዛላው የሞላው፣ ፍሬው የደመቀው ነዋ።»

«ግርዱንስ?»

«ለዶሮ ይደፋል።»

«በበግ ጊዜ ምነው ታዲያ ግርዱን ዘርተው ፍሬውን ይቆረጥማሉ?»

አጎቴ ፊታቸው ቀላ። «ሰው ለእንግዳው ምርጡን ያቀርባል! የአባቶች ሥርዓት ነው! በስድስት ክፍል ትምህርት የአባቶችን ሥርዓት ልታፈርሺ ነው? በቃ! ክንዱ፣ ያዘው!»

አያ ክንዱ ቦቃን ሊጥል ሲዘልቅ እኔ ቀንዱ ላይ ተጠመጠምሁ። ቀሚሴ ጭቃ ጠጣ። በጉ ጎተተኝ፣ እኔም ጎተትሁት፤ በመጨረሻ ሦስታችንም ወደቅን። አያ ክንዱ ጭቃውን እያራገፈ ተነሥቶ ቦቃን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር ተናገረ።

«አባ፣ ይቺ ባለጌ ልጅ ያለችው ነገር እውነት አለው መሰለኝ። ድሮ አንድ አውራ ስቀጠቅጥ ሦስት ጎረምሳ ይይዝልኝ ነበር። ዛሬ ዛሬ ለብቻዬ በጉልበቴ ተጭኜ እጨርሳለሁ።»

«ጎልብተህ ነዋ።»

«ኧረ አባ! ጥርሴ ረግፎ፣ ወገቤ ጎብጦ! በጉ ነው ያነሰው። ትልቁን እኔው በዚህ ድንጋይ ጨርሼው ነው። እንዲህ ያለ፣ ሰው የሚጥል በግ ከእጄ ከገባ ብዙ ዘመን ሆነው።»

አጎቴ ገመዱን እንደያዙ ቆሙ። አዛውንት ሲሸነፍ ጢሙን ይዳብሳል። እርሳቸውም ዳበሱ።

«አማቾቼ ፊት ምን ልረድ ታዲያ?» አሉ።

«ቆልማማውን! ዛሬውኑ ይቀጥቀጥ። ዘጠኝ ወር ቢቀለብ እርሱም ይሰባል፤ ጠማማ እግሩ ወጥ ውስጥ አይታይም። ቦቃ ግን ይኑር። የሚመጣው ዓመት ጠቦቶች ተለቅ ብለው ይወለዳሉ፤ የሐምሌ ብርድ አይገድላቸውም። ነጋዴው ሲያያቸው ፊቱን አያዞርም። ቆዳቸው ሰፊ፣ ጠጉራቸው ብዙ ይሆናል። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያርዱት ሙክት ከዛሬው ቦቃ የማያንስ ይሆናል። የእናቴም ልጅ ትማራለች።»

«እሺ» አሉ አጎቴ። «ክንዱ፣ ነገ ቆልማማውን አመጣልሃለሁ።»

እኔ ድል ማድረጌን ሳውቅ ዝም ማለት አላውቅበትም። ከጭቃው ተነሥቼ ትእዛዝ ጀመርሁ። «ከእንግዲህ ሌላ አውራ በበረቱ እንዳይደርስ! በጎቹ ሁሉ፣ የሚወለዱትም ሁሉ፣ ቦቃ እስኪያረጅ ድረስ ከቦቃ ብቻ ይውለዱ!»

ያን ጊዜ እትዬ ለተ ማርያም አርጩሜያቸውን ጣል አደረጉ።

«ቦቃን የወለደችው ማን ናት?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ... አንዷ በግ ናት።»

«ዳለቻዋ ናት። እዚያው በረት አለች። ሁለቱ ጥቋቁሮችም እኅቶቹ ናቸው። ባሌ ሰባት ቤት ሳይቆጥር ሰው አያጋባም፤ አንቺ ልጅን ከእናቱ፣ ወንድምን ከእኅቱ ልታጋቢ ነው? እናቴ አንድ ጊዜ እንዲያ ትታቸው ነበር። በሦስተኛው ዓመት ዓይነ ስውርና መንጋጋው የዞረ ጠቦት ነው የለቀምነው።»

የቀሚሴን ጭቃ ማራገፍ ጀመርሁ።

«ቦቃም ቢሆን» አሉ እትዬ «የቆልማማው ልጅ አይደለም። መስክ ላይ የሸዋአየሁ አውራ ነው ዳለቻዋን ያገኛት። በዓይኔ አይቻለሁ። ዳለቻዋንና ጥቋቁሮቹን ከቦቃ እናርቃለን። ሴት ልጆቹ ሲደርሱ ደግሞ እርሱን ለደባርቅ አማቾቻችን ሰጥተን የእነርሱን አውራ እንቀበላለን። እንዲህ ነው ሸጋ በግ የሚገኘው።»

አጎቴ ሚስታቸውን እንደ አዲስ ሰው አዩአቸው። እኔ ግን ተናደድሁ፤ ይህ ሁሉ ዕውቀት ባንድ ቤት ተቀምጦ ስንት አውራ ተቀጠቀጠ! «እትዬ! ይህን ሁሉ እያወቁ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አሉ?» ብዬ ጮኽሁ።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ፣ ገመዱን ከባላቸው እጅ እየተቀበሉ። «ያ ባለ ሜትር ወንዶቹን ጠየቀ፤ ወንዶቹ ሳቁ። አንቺም የጠየቅሽኝ ገና አሁን ነው፤ እሱንም እየጮኽሽ።»