ለስኳሩ የተያዘ ጾም

ደቡብ አፍሪካ፣ ከጀፕስታውን ወደ ቴምቢሳ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ የስፓዛ፣ የሰፈር ሱቅ፣ ነጋዴና አንዲት ተማሪ በአማርኛ ያወራሉ።

«ዶክተር ነሽ?» አላት።

«አይደለሁም ጋሼ። የምግብ ተመራማሪ ለመሆን እየሰለጠንኩ ነው። ምግባችን ከስኳርና ከልብ በሽታ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እናጠናለን። ከብዙ አገር ነው የተሰበሰብነው።»

«ምግብም ይመረመራል እንዴ!»

«መጠይቄን ልለማመድብዎት? ትናንት ምን በሉ?»

«ምንም። ጾም ጸሎት ላይ ነበርኩ።»

«ኦኬ። የጠጡትስ?»

«ኮልድሪንክ ብቻ፤ ያው ለስላሳ። ሱቅ ውስጥ ሲደክመኝ እጎነጫለሁ።»

«ዌይት፣ እየጾሙ?»

«ምግብ አይደለማ! ባልጠጣና ቢያዞረኝ ማን ይሸጥልኛል?»

«ስኳር አለብዎት እንዴ?»

«አለብህ ብለውኛል። የጾምኩትም እኮ ጌታ እንዲያነሳልኝ ነው።»

«ኪኒን አልሰጡዎትም?»

«ከምግብ ጋር ዋጥ ነው ያሉኝ። እየጾምኩ እንዴት ልዋጥ?»

ልጅቷ ስልኳ ላይ መጻፍ ጀምራ መልሳ አጠፋችው።

«ጋሼ፣ ይሄን ምን ብዬ ልጻፈው?»

«ጾሟል በያ!»

«ጾመዋል፣ ግን...»

«ከጸሎቴ ጋር ነው ጠብሽ?»

«ኖ፣ ኖ! ከኮልድሪንኩ ጋር ነው።»

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እግሬ መደንዘዝ ጀምሯል። ዛሬም ጾም ላይ ነኝ። ልፍታው ወይስ ልቀጥል?»

«ዛሬውኑ ክሊኒክ ይሂዱ። ጾሙን ግን... እሱን ገና አላስተማሩንም።»

«አፍተር ሮቦት!» ብሎ ሰውየው ለሹፌሩ ጮኸና እዚህ «ሮቦት» ከሚሉት የትራፊክ መብራት ማዶ ወረደ።

እኔም ጌታን አመስግኜ ለሁለቱም ልጸልይ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ከማን እንደምጀምር ግን ጠፋኝ።