ሐይቁ የዋጠው ስልክ

ጀልባ ሠሪው ኛንዲጋ ከምቢታ ሐይቁን አቋርጣ ወደ ሉዋንዳ ኮቲዬኖ በምታሻግረው የመንገደኞች ጀልባ ላይ ሲሳፈሩ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። እሳቸው ግን ወፍራም ካፖርት ደርበው እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ላቡ በጆሮ ግንዳቸው ይንቆረቆራል።

«አባቴ፣ ካፖርቱን ቢያወልቁት ምናለ? እኔ እርስዎን ሳይ ላብ አላበኝ» አለቻቸው አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት። አፖንዲ ትባላለች፤ ምቢታ ውስጥ የምታስተምር መምህርት ናት።

«ይበርደኛል ልጄ።»

«በዚህ ሙቀት?»

ሽማግሌው ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የጣውላ መግዣ ገንዘብ ይዤ ነው። ሚስቴ ገበሩ ውስጥ ሰፍታልኛለች። ኪሱሙ ከተማ ሳልደርስ አላወልቀውም።»

«ታዲያ ለምን በስልክዎ አይልኩትም? ስልክ የለዎትም?»

ኛንዲጋ ከሱሪ ኪሳቸው ትንሽ ባለ ቁልፍ ስልክ አወጡ። «ልጄ ገዝታልኛለች። ይቺ ለወሬ ናት እንጂ ለገንዘብ አይደለችም። በእጄ የማልዳስሰው ገንዘብ የኔ አይደለም።»

«ከቤት ከወጡ ወዲህ ስንቴ ዳሰሱት?»

«እየዳሰስኩ ነው የመጣሁት!»

«ሌባም የሚያየው ይህንኑ ነው። እጅዎ የሚመላለስበትን ቦታ አይቶ ያውቀዋል።»

ይህ ቃል ሽማግሌውን የቆየ ቁስላቸው ላይ ነካቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ሚኒባስ ውስጥ እንቅልፍ ጥሏቸው ኪሳቸው በምላጭ ተቀዶ ገንዘብ ተሰርቆባቸው ነበር። ገንዘቡ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ለጀልባ ማሠሪያ የሰጠቻቸው ነበር። ልጆቿ ያን ወቅት ዓሣ ሳያጠምዱ አሳለፉት፤ ኛንዲጋም ጀልባዋን ሠርተው እስኪያስረክቧት ድረስ እሷን ላለማየት በጓሮ መንገድ ይሄዱ ነበር። ካፖርቱም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

«እሺ፣ ያንቺው ስልክ ቢሰረቅስ? ውሃ ቢገባስ? ያኔ ምን ይውጥሻል?» አሉ በቁጣም በጉጉትም።

«ገንዘቡ እኮ ስልኩ ውስጥ አይደለም አባቴ። በስሜ ተመዝግቦ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ስልኩ ማዘዣ ብቻ ነው። ሚስጥር ቁጥሬን የማያውቅ ሰው ስልኬን ቢያገኘውም ገንዘቤን አያገኘውም።»

«አስተማሪ መሆንሽ ያስታውቃል። አፍሽ ይጣፍጣል» አሉና ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ማዕበል ጀልባዋን ከጎን መታት። መንገደኛው ሁሉ ተንገዳገደ፤ የአፖንዲ ስልክ ከእጇ አመለጠና ሐይቁ ውስጥ ጠለቀ። ኛንዲጋ ራሳቸውን ያዙ።

«ወይኔ ልጄን! ስንት ነበረበት?»

«የወር ደሞዜ እንዳለ።»

«ይኸው! አላልኩሽም? ዛሬ ዓሣው ደሞዝተኛ ሆነ!» አሉ። ወዲያው ግን ሆዳቸው ባባ። «በይ አይዞሽ፤ የሚኒባሱን ሂሳብ እኔ እችልሻለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። የስልኩ ዋጋስ ያንገበግበኛል፤ ደሞዜ ግን ደህና ነው። ካልቸኮሉ አብረው ይምጡና ይዩ።»

ከጀልባዋ ወርደው ወደቡ ዳር ካለች ትንሽ የስልክና የገንዘብ መላኪያ ሱቅ ገቡ። ባለሱቋ የአፖንዲን መታወቂያ ተቀብላ አገላበጠች፣ ጥያቄ ጠየቀቻት፣ የቀድሞ ቁጥሯን በአዲስ ሲም ካርድ አውጥታ ሰጠቻት። ሲሙ የሚገባበት ስልክ ግን አልነበረም።

«አባቴ፣ ስልክዎን ላንድ አፍታ ያውሱኝ።»

ሰጧት። አፖንዲ ሲሟን አስገብታ፣ ፊቷን አዙራ ሚስጥር ቁጥሯን ነካካች፤ ከዚያ መልእክቱን አሳየቻቸው። ደሞዟ ሳንቲም ሳይጎድል ተቀምጧል። ከጎን ካለችው ዓሣ ሻጭ ሁለት ሰሃን ጥብስ ዓሣ ከበቆሎ ገንፎ፣ ከኡጋሊ ጋር አዘዘችና እዚያው ከፈለች። የዓሣ ሻጯ ስልክ ጢው አለ።

«በኔ ስልክ?»

«በእርስዎ ስልክ።»

ኛንዲጋ ስልካቸውን ተቀብለው ትክ ብለው አዩት። «ይህን ሁሉ እየቻልሽ ዝም ብለሽኝ ኖረሻል!» ብለው ስልካቸውን ወቀሱ፤ ሱቁ በሳቅ ተሞላ።

ከዚያ መቀስ ለምነው ገበሩን ቀደዱ፤ ገንዘቡንም ለባለሱቋ አስረክበው በስማቸው አስገቡ። አፖንዲ እያንዳንዷን ነገር አስረዳቻቸው። የትውልድ ዘመንዎን ሚስጥር ቁጥር አያድርጉ፤ ከመላክዎ በፊት የተቀባዩን ስም ያንብቡ፤ ደውሎ ሚስጥር ቁጥርዎን የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው አለቻቸው።

በሚኒባሱ ውስጥ ሽማግሌው ኪሱሙ እስኪደርሱ ድረስ አንኮራፉ። ጣውላ መደብሩ ውስጥ ሳሉ ስልካቸው ጮኸ።

«ከድርጅቱ ነው የምንደውለው፤ ሂሳብዎ እንዳይዘጋ ሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» አለ አንድ የማያውቁት ሰው።

«አርባ ዓመት አብራኝ ለኖረችው ሚስቴ ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ?» ብለው ጆሮው ላይ ዘጉበት። ከዚያ የነጋዴውን ስም ፊደል በፊደል ጮክ ብለው አንብበው ከፈሉ።

በዚያ ጣውላ የተሠራችው ጀልባ የማጥመጃው ወቅት ሳይገባ ውሃ ነካች። ዛሬ በየደሴቱ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ቀብድ ለመስጠት ብለው የሥራ ቀናቸውን አያቃጥሉም፤ ካሉበት ይልካሉ። ከፍያለሁ አልከፈልክም የሚል ጭቅጭቅም ቀርቷል፤ መልእክቱ ይመሰክራል። ኛንዲጋ መንገድ ሲወጡ የሚያስቡት ስለሚሠሩት ጀልባ ነው እንጂ ስለ ኪሳቸው አይደለም።

ባለፈው ሳምንት አብሮ አደጋቸው ኦዴዮ ጎራ ብሎ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እውነት ገንዘብህን ለአየር ነው የምትሰጠው?» ሲል አፌዘባቸው።

ኛንዲጋ መጥረቢያቸውን አስቀመጡና እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። «ና እዚህ ተቀመጥ፤ ስልክህን አውጣ» አሉት። «መጀመሪያ ግን ሚስጥር ቁጥርህን ስታወጣ እኔም ቢሆን እንዳላይብህ ፊትህን አዙር።»